የልብስ ሰፊው ደም

መምህርቷ ማስተማር ካቆመች ወዲህ ጠዋት ሥራ አጥታ አታውቅም። ቤታቸው ምድርና ፎቅ ነው፤ ምድሩ የባሏ የልብስ ስፌት ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያቸው። ስትነሳ መጀመሪያ የሱቁን መስኮቶች ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ቀጥላ የበሩን እጀታ በአልኮል ትወለውላለች። ከዚያ ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ከባሏ የስፌት መኪና አርቃ በሩ ሥር ትወስደዋለች። ባሏ ከፎቅ ሲወርድ ወንበሩን መልሶ ያስጠጋዋል። ዞር ሲልላት እሷ መልሳ ታርቀዋለች። በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተጨቃጭቀው አያውቁም፤ ወንበሩ ብቻ ሲመላለስ ይውላል።

ነገሩ የጀመረው ከባሏ ጣቶች ነው። ልብስ ሰፊው ገና በጎልማሳነቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዘው። ጣቶቹ እያበጡና እየተቆለመሙ ሄደው ቁልፍ መያዝ አቃተው፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባትማ የማይታሰብ ሆነ። ያልሞከረው መድኃኒት አልነበረም። በመጨረሻ በደም ሥር የሚሰጥ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄዶ የሚወስደው መድኃኒት ተገኘለትና ጣቶቹ ተፍታቱ። እንደ ድሮው ኮት መቁረጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ግን እጁን ሲመልስለት ሌላ ነገር ወሰደበት። ቁርጥማቱን ከሚያባብሱት ሴሎች መካከል አንቲቦዲ የተባለውን የደም መከላከያ የሚያመርቱትም ስላሉበት፣ እነሱ ሲጠረጉ ሰውየው አዲስ በሽታ ሲመጣበት አንቲቦዲ መሥራት የማይችል ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ የሆነው የሳንባው ወረርሽኝ ሰፈር ለሰፈር በሚዞርበት ዓመት ነበር። ልብስ ሰፊውን አልማረውም። ሆስፒታል ገብቶ፣ ፊቱ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎለት፣ ብዙ ሳምንት ተኛ። ሚስቱ የምታየው በመስታወት ብቻ ነበር። እጇን ስታነሳለት እሱም ለማንሳት ይሞክርና መሃል ላይ ይደክመዋል። እንደ ዕድል ሆኖ ተረፈ። ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሠራው ሥራ የገዛ ሱሪውን ማጥበብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክትባት መጣ። ሁለት ጊዜ ተከተበ፣ ደሙ ተመረመረ፣ ምንም አንቲቦዲ አልተገኘበትም። ሐኪሙ፣ "ክትባቱን ሰጥተነዋል፤ ሰውነቱ ግን የሰማን አይመስልም" አላቸው። መምህርቷ ይህን በሰማች በሳምንቱ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ለቀቀች። ዕድሜዋን በሙሉ ያስተማረችው ገና እርሳስ መያዝ የሚለማመዱትን ነው። ባሏ ድሮ ስለ እነሱ ሲቀልድ፣ "ሕፃናት ፍቅራቸውን የሚገልጹት በአፍንጫቸው ነው" ይል ነበር፤ እሷም ማታ ማታ ትከሻዋ ላይ የደረቀውን ፍቅር እያጠበች ትስቅ ነበር። አሁን ግን የሚያስቅ አልሆነላትም። ለርዕሰ መምህሯ "ለጊዜው ነው" ብላ ወጣች። ለጊዜው የተባለው ነገር ሁለት ዓመት ሞላው።

አንድ ምሽት ሾርባቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ ልብስ ሰፊው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ዛሬ ሆስፒታል አንድ ነገር ተስማምቼ መጣሁ" አላት።

"ምን ተስማማህ?"

"አዲስ ክትባት እየሞከሩ ነው። እንደኔ አንቲቦዲ በሌላቸው ሰዎች ላይ። ግባ አሉኝ፣ ገባሁ።"

"ሳታማክረኝ?"

"ባማክርሽ እሺ ትዪ ነበር?"

"አልልም ነበር።"

"ለዚህ ነው ያላማከርኩሽ።"

ተነስታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ "ምን ዓይነት ክትባት ነው?" አለችው።

"ራሱን የሚያባዛ ነው አሉ።"

ውሃውን ዘጋች። "ሰውዬ፣ ራሱን የሚያባዛ ነገር እኮ በሽታ ነው የሚባለው።"

"እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሳቁ።"

"ነገ አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። "በእኔ ፊት ይሳቁና እናያለን።"

በማግስቱ የተቀበለቻቸው ዶክተር ወጣት ናት፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ መልሳ የምትፈልግ። ልብስ ሰፊው "ቀጭኗ" ሲል ነው የሚጠራት፤ ልኳን ሳይወስድ በዓይኑ ለክቷት ነበርና። ክፍሏ ጠባብ ሆና በሦስት ወንበርና በአንድ ጠረጴዛ ተጨናንቃለች።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለቻት ለመምህርቷ። "የሚጠይቁኝ እንዳለ ባለቤትዎ ነግረውኛል።"

"ራሱን ያባዛል የተባለው ምንድነው?"

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። "የተለመደው ክትባት ለሰውነታችን ሴሎች መልእክት ያደርሳል። አር ኤን ኤ እንለዋለን። የቫይረሱ አንድ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ብቻ የሚናገር መልእክት ነው። ሴሉ ያነበዋል፣ ያንን ክፍል ይሠራል፣ መከላከያችን አይቶ ይማርበታል። መልእክቱ ግን ቶሎ ይበጣጠሳል። አዲሱ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን የሚገለብጠውንም ይዞ ነው የሚገባው። ሴሉ ውስጥ ሆኖ ራሱን ይገለብጣል። ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል፣ ትምህርቱም ይረዝማል።"

ልብስ ሰፊው አገጩን እያሻሸ አዳመጠ። "ማለት የድሮው፣ ጨርቅ የምቆርጥበትን የወረቀት ቅድ ብቻ ነው የሚልክልኝ። ይሄኛው ቅዱንም፣ ቅዱን የሚገለብጠውን ሠራተኛም አብሮ ይልክልኛል።"

"እንደዚያ ነው።"

"የሠራተኛውን ምሳ ማን ይችላል?"

"ሴሉ ራሱ" አለች ዶክተሯ፣ እየሳቀች። መምህርቷ አልሳቀችም።

"ሠራተኛው አልሄድም ቢልስ? ማን ያስቆመዋል?"

የዶክተሯ ሳቅ ቆመ። ወንበሯን ወደ መምህርቷ አዞረች። "ቫይረስ ከሴል ወደ ሴል የሚዘዋወረው መሸፈኛ ስላለው ነው። ይሄ መሸፈኛ የሚሠራበት መመሪያ አልተሰጠውም፤ ከገባበት ሴል ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ያ ሴል ደግሞ በመከላከያው ይጠረጋል። ከሳምንታት በኋላ ይጠፋል። እስካሁን ያየነው ይሄን ነው። ያላየነው ነገር የለም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሙከራ የሚባለውም ለዚህ ነው።"

መምህርቷን ያሸነፋት ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። እሷ በሥራ ዘመኗ "አላውቅም" የሚል የተማረ ሰው ብዙ አልገጠማትም። ቢሆንም አልለቀቀቻትም።

"ባሌ አንቲቦዲ መሥራት አይችልም። ታዲያ ምን ሊጠቅመው ነው?"

"አንቲቦዲ አይደለም የምንጠብቀው፣ ቲ ሴል ነው። አንቲቦዲ ቫይረሱን ሴል ከመግባቱ በፊት ይይዘዋል። ቲ ሴል ደግሞ ቫይረሱ የገባበትን ሴል ፈልጎ ያገኝና ከነውስጡ ያጠፋዋል። የባለቤትዎ መድኃኒት ሌሎቹን ሲጠርግ ቲ ሴሎቹን አብዛኛውን ትቷቸዋል። የሚያስተምራቸው ካገኙ ይማራሉ ብለን ነው።"

"ስለዚህ አይታመምም?"

"ሊታመም ይችላል። ቲ ሴሎች በሽታው ከገባ በኋላ ነው የሚነሱት። እንዳይብስበት ነው የምንፈልገው።"

መምህርቷ መልሱን አልወደደችውም፤ ልጅቷን ግን ወደደቻት። "እሺ ይወጋ" አለች፣ ፈቃዱ ከእሷ የተጠየቀ ይመስል።

መርፌው ትንሽ ነበር። በማግስቱ ክንዱ አበጠ፣ ትኩሳት ቢጤ ያዘው፣ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጦ ሰፋ። "ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው" እያለ ፈታው። ሁለተኛውን ሲወጋም እንዲሁ ሆነና ኮሌታ የሌለው ሥራ መርጦ ዋለ።

ከዚያ የአንቲቦዲው ውጤት መጣ። ምንም የለም። ስልኩን የያዘችው መምህርቷ ነበረች፤ "ብዬህ አልነበር" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዋጠችው። ባሏ ግን ውጤቱን ሰምቶም ስፌቱን ቀጠለ። "ቀጭኗ እኮ ነግራናለች" አለ። "የእኔ ትምህርት ቤት ሌላኛው ነው።"

የሌላኛው፣ የቲ ሴሉ ምርመራ ጣጣ አለው። ለአንቲቦዲ ደሙ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም፤ ለዚህኛው ግን ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ቤተ ሙከራ መድረስ አለባቸው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ጠዋት ሄዶ ደሙን ሰጠ፣ ብልቃጦቹም ወዲያው ወደ ላይኛው ፎቅ ተወሰዱ። እዚያ ሴሎቹን በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ውስጥ ከቫይረሱ ቁርጥራጮች ጋር ያገናኟቸዋል። ቁርጥራጩን የሚያውቅ ቲ ሴል ካለ ያለበት ቦታ ላይ ነጠብጣብ ትቶ ይገኛል። የማያውቅ ዝም ይላል።

ውጤቱን ለማየት ሁለቱም ሄዱ። ዶክተሯ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት ክብ ምስሎች ጎን ለጎን አሳየቻቸው። አንደኛው ከክትባቱ በፊት የተወሰደ ነው፤ ነጭ፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ነጥብ ያለው። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልቷል።

ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ አየ። "እንደዚህ ያለ ጨርቅ አውቃለሁ። የበጋ ቀሚስ ሰፍቼበታለሁ።"

"ለማን?" አለች ሚስቱ።

"ለደንበኛ።"

"ለየትኛዋ ደንበኛ?"

"ለአንቺ ነው። አንዴ ለብሰሽ ያወፍረኛል አልሽ።"

ዶክተሯ እስኪጨርሱ ጠበቀች። "ነጠብጣቦቹ የእርስዎ ሴሎች ናቸው። ቫይረሱን አውቀውታል። በዚህ ምክንያት ግን ጭንብልዎን ይጣሉ፣ ሰው ይቀፉ አልልም። ከዚህ ላይ ተነስቼ አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚጠበቅ መናገር አልችልም።"

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ልብስ ሰፊው መስኮት መስኮቱን እያየ፣ "እንግዲህ ወደ ልጆችሽ ትመለሻለሽ" አለ።

ዞራ አየችው። "ለዚህ ነው እንዴ የገባኸው?"

"ለጤናዬ ብቻ መስሎሽ ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ስትጎትቺ የማላይ ይመስልሻል?"

እጁን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

ቢሆንም አልተመለሰችም። መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ አለች፣ ክረምቱ አለፈ። ቀጥሎ አሁን ማን ይቀጥረኛል አለች። ባሏ አልተጫናትም። እሷ ግን ሱቁን ስትወለውል ነገሩን ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች። ፍርሃቱ ከእሷ ጋር ኖሮ ኖሮ የቤት ሰው ሆኗል፤ ያለ እሱ ጠዋት ምን ሠርታ እንደምትውል አላወቀችም። ደግሞም ድምጿ ይሻክር ይሆናል፣ ጉልበቷ መሬት ላይ ቁጭ ብድግ ማለቱን ረስቶት ይሆናል። ልጆቹ እንደማያውቋት ታውቃለች፤ የምታውቃቸው አድገው ሄደዋል።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሯ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ወንበሩ በዚያን ሰዓት በሩ ሥር ነበር። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ጫፉን ሲሰካላት፣ ርዕሰ መምህሯ ከላይ ሆና ለመምህርቷ፣ "የትንሿ ክፍል አስተማሪ ልትወልድ ነው። አንድ መንፈቅ ብቻ ያዢልኝ" አለቻት።

መምህርቷ ባሏን አየች። እሱ ጎንበስ እንዳለ ነው። አፉ ውስጥ አራት መርፌ ስላለ መናገር አይችልም፤ ቅንድቡን ብቻ አነሳ።

"አንድ መንፈቅ" አለች መምህርቷ። "ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።"

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ድምጿ ተዘጋ፣ ጉልበቷም እንደፈራችው አልታዘዝ አላት። ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ስለ ልጆቹ ስታወራ ግን ባሏ ለረዥም ጊዜ ያልሰማው የወሬ ጎርፍ ወጣ። አንዷ ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ "ጉንጮ" አለቻት። ጉንጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጽፋ ሁሉንም ፊደል አዙራው ነበር፤ መስታወት ፊት ሲያስቀምጡት ልክ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊው በዚህ ሳቀ፣ ደግማ እንድትነግረው አደረጋት።

መምህርቷ ጭንብሏን አታወልቅም፣ መስኮት ትከፍታለች፣ እጇን ትታጠባለች። አንድ ጠዋት ጉንጮ እናቷን ፈልጋ ስታለቅስ አቀፈቻት። ልጅቷ አንገቷ ሥር ገብታ እያሳለች አለቀሰች። መምህርቷ ሳሉን ሰምታለች። ልትለያት ትችል ነበር፤ አልለየቻትም።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ጉሮሮዋን ከረከራት። መመርመሪያው ወረርሽኙ መሆኑን አሳየ። ሱቁ ውስጥ በሩ ሥር ቆማ ለባሏ ነገረችው።

"እኔ እታች እተኛለሁ" አለች። "አንተ ፎቅ ላይ ትሆናለህ። ምግብ ደረጃው ላይ አኑርልኝ።"

እንዳለችው አደረጉ። ግን በሽታው ቀድሞ ይዞት ኖሮ፣ እሷ ሲሻላት እሱን አንቀጠቀጠው። ያን ጊዜ መለያየቱ ትርጉም አጣ። ወደ ፎቅ ወጣችና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰክታ ቁጥሩን አየች፤ ደህና ነው። ለዶክተሯ ደወለች። ዶክተሯ ቶሎ መጀመር ያለበትን ክኒን አዘዘችለት፣ ቁጥሩ ከስንት ሲወርድ ይዛው መምጣት እንዳለባት ነገረቻት፣ ጠዋትና ማታ ራሷ እየደወለች ትጠይቅ ጀመር።

ትኩሳቱ ከፍ ባለበት ቀን መምህርቷ ፎጣውን ስትቀይርለት፣ "እኔ ነኝ ያመጣሁብህ" አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። "ከየት አመጣሽው?"

"ከየት እንደሆነ ታውቃለህ።"

"ሂጂ ካልኩሽ ቦታ ነው ያመጣሽው" አለ። ጥቂት ስሎ፣ "አሁን የበሰለ ነገር ካለ አምጪልኝ" አላት።

ምግብ መጠየቁን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ትንሽ አለቀሰች። ያኔ፣ በመጀመሪያው ሕመሙ፣ ማንኪያ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞር ነበር።

መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። ትኩሳቱ ለቀቀው። ሳሉ ጥቂት ከረመ። በሳምንቱ ልብስ ሰፊው ካልሲ ሳያደርግ ወደ ሱቁ ወርዶ መኪናውን ዘይት ሲቀባ አገኘችው። ልትቆጣው አፏን ከፈተችና ተወችው።

ከዳነ በኋላ ዶክተሯ እንደገና ደሙን ወሰደች። አንቲቦዲ አሁንም የለም፤ አንድም። ነጠብጣቦቹ ግን ከበፊቱ በዝተው፣ እርስ በርስ እየተነካኩ ምስሉን አጥቁረውታል።

"ያዳነው ክትባቱ ነው?" አለች መምህርቷ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ስታወጣ ቆየች። "ክኒኑም ረድቶ ይሆናል። በሽታውም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ከአንድ ሰው ብቻ ተነስቼ ክትባቱ ነው ብዬ አልጽፍም፤ ሌሎቹ ተሳታፊዎችም ተቆጥረው ነው የሚታወቀው።"

"ባትጽፊውም፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"እኔ" አለች ዶክተሯ ፈገግ ብላ፣ "ሴሎቹ ቫይረሱን ያውቁት ነበር፣ ሲመጣም ተዘጋጅተው ጠበቁት ብዬ አስባለሁ።"

መንፈቁ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሯ ሌላ መንፈቅ ጠየቀች፤ መምህርቷም "ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ" ማለቷን ረሳች። በአዲሱ መንፈቅ ትንሿ ክፍል ቀለም መቀባት ልትጀምር ስለሆነ ለልጆቹ ሽርጥ አስፈለገ። ልብስ ሰፊው ልካቸውን ልውሰድ ብሎ ጭንብሉን አድርጎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ።

ልጆቹ ግድግዳውን ታከው ተሰለፉ። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ባሏ ተንበርክኮ የአንዱን ደረት ለክቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ልጁም ቁጥሩ ሽልማት የሆነ ይመስል እየደጋገመው ይሄዳል። ቀጣይዋ ጉንጮ ነበረች። አፍንጫዋ ልማዱን እየፈጸመ ነው። ፊቷን አስጠግታ ልብስ ሰፊውን ትክ ብላ አየችው።

"አንተ ማነህ?"

"የመምህርሽ ባል ነኝ።"

"እሷ ባል አላት?"

"እኔም በቅርቡ ነው ያወቅሁት" አለ ልብስ ሰፊው። "እጅሽን ወደ ላይ።"

ጉንጮ እጇን አነሳች፣ አስነጠሰችም። መምህርቷ ከኪሷ መሃረብ አውጥታ ሄደች፣ የልጅቷን አፍንጫ ጠረገች፣ መስኮቱን ትንሽ ገፋ አድርጋ ከፈተችና ተራዋን ወደምትጠብቀው ልጅ ዞራ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች።